ከመሪው በኩል ያለው ጎማ

ባለቤቴ ጎሚስታ ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ተመለስ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ የራሱ አፍ ነው። ጎማ ገጥሞ የሚሸኘውን ሹፌር ሁሉ «ትንሽ ነዳ ነዳ አድርግና ተመለስ፣ ብሎኑን አንዴ ልየው» ሳይል አይለቅም። ሰው ደግሞ እንደምታውቁት ጎማው ከተገጠመለት በኋላ ጎሚስታ መኖሩም ትዝ አይለውም። እሱ ግን አይረሳም። አንድ ጊዜ ጥርሱን አሞት፣ ጉንጩ ዳቦ አክሎ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ሳይመለስ የቀረ ደንበኛውን ከሰው መሃል አየው። ኧረ ተራችን ሊደርስ ነው ብዬ ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሰውዬውን ክንዱን ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰደው። ብሎኑን አይቶለት ሲመጣ ተራችን አልፏል። እኔ በንዴት ልፈነዳ ስደርስ፣ እሱ ባበጠ ጉንጩ እየሳቀ «ሁለቱ ላልተው ነበር እኮ» አለኝ። እንግዲህ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከዚህ ሰው ጋር ነው።

የሥራ ቦታው እቤታችን በር ላይ ነው። ከአጥራችን ጎን በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ አለችው፤ ኮምፕሬሰሩ ጥጉን ይዞ ቀኑን ሙሉ ያንኮራፋል፣ ያረጁ ጎማዎች ተደራርበው ለደንበኛ ወንበር ይሆናሉ፣ መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። የማድ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ወደዚያ ስለሚያይ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሙያውን ሳልወድ በግዴ ለምጄዋለሁ። መጀመሪያ የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጠርጋል። ቅባት የሚባል ነገር አያስነካውም፤ «ትንሽ ግሪስ ጣል አድርግበት» ያለው ሹፌር ካለ የዚያን ቀን ምሳውን የሚበላው ተኮሳትሮ ነው። ቀጥሎ ብሎኑ ላይ የሚጠብቁትን ዳዶዎች በጣቱ ያስገባል። ከዚያ አንዱን ይዞ ጎኑ ወዳለው አይሄድም፤ ተሻግሮ ፊት ለፊቱ ያለውን ይይዛል፣ እንደገና ተሻግሮ ሌላውን፣ ጎማው ሳያጋድል እኩል እንዲቀመጥ። መኪናውን ከክሪኩ ላይ ካወረደው በኋላ፣ ጎማው መሬት ረግጦ ሲቆም፣ በረጅሙ መፍቻ በዚያው መንገድ ያጠብቃል። በእግሩ አይረግጥም፣ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ አያስረዝምም። በአየር የሚሠራው ማሽንም አለው፤ ግን ለመፍታት ብቻ ነው፣ ሲያጠብቅ እጁን ነው የሚያምነው።

ብሎን ሲላላ እንደሚወጣማ ማንም ያውቃል። እሱ ነጋ ጠባ የሚሰብከው ሌላውን ነው። ከልኩ አልፎ የጠበቀ ብሎን ይሳባል፣ ከላይ ደህና መስሎ ውስጥ ውስጡን ይቀጥናል፣ ከዚያ አንድ ቀን ቀጭ ይላል። በሙያው ዘመን አንድም ብሎን እጁ ላይ ተሰብሮ አያውቅም፤ ይህንን ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ያልሰማ የለም፣ ለአዲስ ተከራይ ሳይቀር ነግሯል። በሌላ ነገር ጉራ አያውቅም። ስለ ቁመናው ብታወሩት ያፍራል፣ ስለ ልጆቹ ብታመሰግኑት መሬት መሬት ያያል፣ ብሎን ስትሉት ግን ደረቱን ይነፋል።

ቤት ውስጥም ያው ነው። ቧንቧ ጠበቅ አድርጌ ከዘጋሁ ከወዲያኛው ክፍል «አንቺ ሴትዮ፣ አታንቂው» ይለኛል። የሙሽርነታችን አልጋ የተገጠመ ዕለት ብሎኖቹን አሻግሮ አሻግሮ ሲያጠብቅ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ጉድ አልኩ። ጉዱ ግን በማግስቱ ነው። ገና ፊታችንን ሳንታጠብ፣ አንዴ ልየው ብሎ መፍቻውን ይዞ ከአልጋው ሥር ገባ። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩት የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። እኔም ያን ጊዜ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን ሲነሳ ከሳቸው በላይ የምስቀው እኔ ነኝ።

ታላቋ ልጃችን እነዚያ አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ሌላው ልጅ አሻንጉሊት ሲታቀፍ እሷ ዳዶ በቆርቆሮ እያንኳኳች ትውል ነበር። መንጃ ፈቃድ ያወጣች ዕለት እኔ እልል ስል፣ አባትየው ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ እንዳልሰማ ሆነ። ሹፌር እሆናለሁ ስትለውማ ቤቱ ታመሰ። ሴት ስለሆንሽ አይደለም፣ ወንድ ብትሆኚም አልፈቅድም ነው የሚላት። እውነቱን ነው። ሰው መኪና ሲያይ ቀለሙን ያያል፤ እሱ የሚያየው በአራት በኩል የታሰረ ስጋት ነው። ተሰባብሮ፣ ተጎትቶ በሩ ላይ የሚቆመውን መኪና ሁሉ ዓይቶ፣ ያ ሁሉ በልጁ ላይ የሚደርስ ይመስለዋል። ሰዎች ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉት «መንጃ ፈቃድ አላት» ይላል። እሺ፣ መንጃ ፈቃድ ያላት ምን ትሠራለች? «ሥራ እየፈለገች ነው።» ሹፌር የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ አልወርድ፣ አልወጣ አለው። እኔ ለልጄ ሽንጤን ገትሬ ስከራከር፣ ከሁለት ዓመት በላይ በዚህ ጉዳይ ስንነታረክ ኖርን።

እሷ መቼም የሱ ልጅ ናት፣ ከያዘች አትለቅም። ስንቱን መሥሪያ ቤት አንኳኳች። ሴት መሆኗን ሲያዩ «እንደውልልሻለን» ብለው የሚያሰናብቷት ብዙ ነበሩ፤ እስካሁን አልደወሉም። በመጨረሻ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያመላልስ ሹፌር ሲፈልግ አገኘች። ዳይሬክተሯ ቆፍጣና ሴት ናት አሉ። የበፊቱ ሹፌር ሁልጊዜ እያረፈደ፣ ባረፈደ ቁጥር ምክንያት እየደረደረ አንገሽግሿታል። ልጄን ፈትና፣ አነዳዷን ወዳላት፣ የትምህርት ቤቱን ሚኒባስ ቁልፍ እሁድ ቀን ሰጠቻት። ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ከየቤታቸው ለቅመሽ ታመጫለሽ፣ ሙከራሽ ይኸው ነው፣ ከዘገየሽ ግን ቁልፉን መልሺልኝ፣ ሌላ ሰው አለኝ ብላ በግልጽ ነገረቻት። ልጄ ይህን እየሳቀች ነው የነገረችን። ቁልፉን ግን ከመዳፏ አላወጣችውም፣ አይቻለሁ።

ሚኒባሱን አምጥታ በራችን ላይ ስታቆመው አባትየው ሰላም ሳይላት በፊት ጎማዎቹን ዞሮ አየ። ከፊት፣ ከመሪው በኩል ያለው ጎማ ሚስማር ወግቶት ኖሮ ትንፋሹ ቀንሷል። አወለቀ፣ ጠገነ፣ መልሶ ገጠመ፤ ስድስቱንም ብሎን በዚያ በምታውቁት አሠራር፣ ምንም ሳያጓድል። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ሰፈሩን ዞር ዞር ብላ መጣች። እሱም ድጋሚ አየው፤ ልክ ነው አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉዳዩ አለቀ፣ ደቀቀ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ወሬ አላወራላችሁም ነበር።

እኔ መፍቻ የሚባል ነገር በእጄ አልነካሁም። ይኼ ይታወቅልኝ። ያደረግኩት ነገር ቢኖር መጠየቅ ብቻ ነው። አማቴ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሳህን እያጠብኩ «ያ ጎማ እንዲያው በደንብ ታስሮ ይሆን እማማ?» አልኳቸው፣ ወሬ ለማድመቅ ያህል። ከዚያ ደግሞ ዋርሳዬ ነበር፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ እኛ ጋ ነው የሚያድረው። እራት በልተን ስናበቃ «አንተ መንገድ የለመድክ ሰው ነህ፣ እስቲ ጎማውን በዓይንህ እየው» አልኩት። ጎህ ሲቀድ ባለቤቴ ሲገላበጥ ሰማሁትና «ልጅቷ ልትሄድ ነው፣ እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። በቃ። ሌላ ያልኩት ነገር ካለ ምላሴን ያውጡት።

ጠዋት ልጄ አዲሱን ሸሚዟን ለብሳ፣ ፀጉሯን አሲዛ፣ ፈገግ እያለች ወጣች። ሚኒባሱን ዞራ አየች፣ መስተዋቱን አስተካከለች። ሁላችንም በሩ ላይ ተሰልፈን ቆመናል። ባለቤቴ መፍቻውን ይዞ መጣ። ትናንት አይተነዋል እኮ አባዬ ብትለው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብሎ ተንበረከከ። መፍቻውን ገባ አድርጎ ትንሽ ጫን አለ። ብሎን ልኩ ላይ ከሆነ ፍንክች አይልም። ይኼኛው ግን ሊጥ እንደነካ ቢላዋ ልስልስ ብሎ ዞረ። ከዚያ ቀጭ አለ። ዳዶው የተሰበረውን ብሎን በጉያው እንደያዘ መሬት ወድቆ ከመኪናው ሥር ተንከባለለ።

ባለቤቴ ባዶውን መፍቻ እንደያዘ ቀረ። ፊቱን እንዲያ ሆኖ ያየሁት አባቱ ያረፉ ዕለት ብቻ ነው። ልጄ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን አነሳች፣ አገላብጣ አየችው። ቀና አለችና አንድ በአንድ ተመለከተችን።

«ይኼን ጎማ ማታ ማን ነክቶታል?» አለች።

አማቴ ናቸው ቀድመው የተናገሩት። ለካ እሳቸው ሁላችንም ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን ሳለ ሹልክ ብለው ወጥተው፣ ጉልበት ስለሌላቸው መፍቻው ላይ በሁለት እግራቸው ቆመዋል፤ እንዳይወድቁ ደግሞ የመኪናውን መስተዋት ይዘው። ልጄ ማለዳ መስተዋቱ ለምን እንደተጣመመ ያኔ ገባት። ዋርሳዬ አንገቱን እያሻሸ፣ እኔም ትንሽ ነክቼዋለሁ አለ። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው ሲባል፣ ቱቦ ሰክቶ እንደሆነ አመነ። የጭነት መኪና ልማድ ነዋ። የሚያስቀው ደግሞ፣ ስድስቱንም ብሎን ተራ በተራ እየዞረ እንደዚያው አድርጓል።

ባለቤቴ ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወንድሙንም እናቱንም ቀና ብሎ አላየም። ቀስ ብሎ «ጎህ ሲቀድ እኔም ጨምሬበታለሁ» አለ።

አላመንኩም። ቱቦ የሰካን ሰው ከሥራ ቦታው የሚያባርር ሰው። ልክ መሆኑን ያውቅ ነበር፣ በገዛ እጁ ነው ልክ ያደረገው፤ ከዚያ ግን ጨለማው ሳይለቅ ተነስቶ፣ ሕጉን ሁሉ ትቶ፣ ለያንዳንዱ ብሎን አንዳንድ ጉተታ ጨመረ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አማቴ «እሷ ናት ጎማው ታስሯል ወይ ያለችኝ» አሉ። ዋርሳዬም «እኔንም እኮ» አለ። የባለቤቴ አስተያየት ደግሞ ከበቂ በላይ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ጠየቅኩ እንጂ አላጠበቅኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ለምን እኔ ላይ እንደተላከከ አይገባኝም።

ልጄ ሦስቱን ሌሎች ጎማዎች ሄዳ አየቻቸው። ማንም አልነካቸውም። ለምን ይኼኛውን ብቻ ብላ ስትጠይቅ እርስ በርስ ተያየን። አማቴ «አንቺ የምትቀመጪው እዚህ ላይ አይደል እንዴ?» አሏት። እውነትም ሁላችንም ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ከመሪው በኩል፣ ከሷ ሥር ያለውን ጎማ። ልጄ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ግን ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ፣ በአዲሱ ሸሚዝ እጅጌ ጠረገችው።

ሰዓቱ ግን አልቆመም። ዋርሳዬ መንገደኛ ነውና መላ አመጣ። በአምስት ብሎን ቀስ ብላ ትሂድ፣ እኔ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ልጆቹን አድርሳ ስትመለስ እንሠራዋለን አለ። እኔም ልቤ ወደዚያ አዘነበለ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ሥራው እጇ ላይ ከደረሰ በኋላ ሊያመልጣት ነው። ባለቤቴን አየሁት። ስለ ብሎን ለዓለም ሁሉ የሚያስተምረው ሰው ዓይኑን አሸሸ። «በጣም ቀስ ብለሽ ብትነጂ…» ብሎ ጀመረና ቃሉን ሳይጨርሰው ቀረ። ልጁ ሥራዋን ከምታጣ እሱ እምነቱን ሊያጣ ተዘጋጅቶ ነበር።

«አባዬ፣ ልጆች ነው የምጭነው» አለችው። «አንዱ ከተሰበረ አምስቱም ተስበዋል። አልሄድም።»

ይህን ብላ ስልኳን አወጣችና ለዳይሬክተሯ ደወለች። የጎማ ብሎን ተሰብሯል፣ ሳላሠራ ልጆች አልጭንም፣ አረፍዳለሁ አለች። የዚያኛዋ ድምፅ እኛም ጋ ይሰማል። የበፊቱ ሹፌርም ሁልጊዜ ጎማ ነበር የሚለኝ አለች ዳይሬክተሯ፤ ልጆቹን ስታደርሺ ቢሮ ነይ ብላ ዘጋችው። ልጄ ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ የአዲሱን ሸሚዝ እጅጌ ጠቀለለችና ክሪኩን ራሷ አምጥታ ከመኪናው ሥር ሰካች።

ባለቤቴ የብሎን መለዋወጫ የሚያስቀምጥበትን ቆርቆሮ መሬት ላይ ዘረገፈው፤ እግዜር ይስጠው፣ ልኩ ተገኘ። ጎማው ወለቀ፣ ከኋላው ያለው የፍሬን ዕቃ ተፈታ፣ የተሳቡት ብሎኖች አንድ ባንድ በመዶሻ ተመትተው ወጡ፣ አዲሶቹ ገቡ። ዋርሳዬ በንስሐ መልክ ላብ በላብ ሆኖ ሠራ። አማቴ እንኳ ጨርቅ ይዘው ዳዶ ሲወለውሉ ነበር። እኔ ሰዓት እንዳላይ ፊቴን ከመኪናው ላይ አላነሳሁም። ጎማው ተመልሶ ሲገጠም ዳዶዎቹ በጣት ገቡ፣ መኪናው ወረደ። ባለቤቴ ረጅሙን መፍቻ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ልጄ ቀደመችው። አባትየው ትንሽ አመነታና ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ከጀርባው ቆለፋቸው። እሷ ፊት ለፊት እየተሻገረች፣ ሳትቸኩል፣ ሳታንቅ አጠበቀች። ስትጨርስ መፍቻውን ከወንበሯ ኋላ አስቀመጠች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ሄደች። አጎቷ «ተባረኪ» ሲላት የሰማች አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍነው አትጠይቁኝ። ባለቤቴ ደንበኛ መጥቶበት እንኳ እጁ ሥራ ላይ አልነበረም። አንዱ ደንበኛ ታክሲ ነጂ ነው፤ እሱ የሰማውን ነገር ከምሳ በፊት ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ሌላም አንድ ሰውዬ አብሮት አለ። በመሃል የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። የሱ ጆሮ ኮምፕሬሰር ያደነዘዘው ስለሆነ ስልኩን ድምፁን ለቆ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ የሱ ጉዳይ የሁላችንም ጉዳይ ነው። ዳይሬክተሯ ነበረች፤ ልጄ ለተጠሪነት ቁጥሩን ሰጥታት ኖሯል። የልጅቷ አባት መሆኑን ጠየቀችው፤ ነኝ አላት።

«ልጆቹ ደርሰዋል። አርፍደው» አለች። «ብሎን ተሰበረ አለችኝ። ማን ሰበረው ብላት አልናገርም አለች። አሁን በመስኮቴ አያታለሁ፣ ጎማው ጋ ተንበርክካ መፍቻ ይዛለች። እውነቱን እርስዎ ይንገሩኝ። መኪናውን የጎዳችው እሷ ናት?»

እኔ በሁለት እጄም ምልክት መስጠት ጀመርኩ። አርጅቶ ነበር በላት፣ ብሎኑ ያረጀ ነበር በላት እያልኩ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ዋርሳዬም ከጎኔ ሆኖ ያንኑ ያንሾካሹካል። ማን ያጣራል? የትምህርት ቤት መኪና ነው፣ ሊያረጅ ይችላል፤ የልጄ ሥራም ይተርፋል፣ የሱም ስም። ባለቤቴ እኛን አየን። ከዚያ የታክሲ ነጂውን አየ፣ ሰውዬው ጆሮውን አቁሞ ሊወድቅ ደርሷል። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ብሎኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ልኩ ላይ ነበር። ልጄ ስለሆነች ፈራሁና ጨመርኩበት፤ በእጄ ላይ ተሰበረ። በተረፉት አምስት ብሎኖች ሂጂ ልላትም ነበር። አልሄድም ያለችው ሹፌሯ ናት።»

ታክሲ ነጂው ከጎማው ላይ ብድግ አለ። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ስልኩ ውስጥ የልጆች ጫጫታ ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ ዳይሬክተሯ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማናት፣ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅንም።

«እንግዲያው ሹፌሬን ነገ በሰዓቱ ይላኩልኝ» አለች። «እርስዎ ግን እባክዎን፣ ከመኪናዬ ጎማ እጅዎን ያንሱልኝ።»

እሺ ብሏት ስልኩን ዘጋ። ዋርሳዬ ወንድሙን አቅፎ ከመሬት አነሳው፤ እኔ ለቅሶዬም ሳቄም ተደበላለቀብኝ፣ ደስታ ሲበዛብኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። አማቴ ብቻ ዳዶ የወለወሉበትን ጨርቅ እንደያዙ ልጃቸውን ያዩታል።

«ማናት ሹፌሯ?» አሉት።

«ልጄ ናት፣ እማዬ።»

«ማን አልከኝ?»

የአማቴ ጆሮ ከኔም ከሱም የተሻለ ነው፤ ጎረቤት የሚንሾካሾከውን ሳይቀር ይሰማሉ። እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም ደገመላቸው፣ አሁን ጮክ ብሎ፣ መንገድ ላይ የሚያልፉት ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩት ድረስ።